ሣር የቋጠርንበት ቅዳሜ

እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ከሰው ጋር ረዘም ያለ ነገር ያወራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። የሚያናግረኝ ሲገኝ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ የነጠላዬን ጫፍ ስጠቀልል ሰውየው ሰልችቶት ይሄዳል።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ አብቅቷል። እናቴ ስትሞት አባቴ ሌላ ሚስት አገባና እኔን ከወልቂጤ አምጥቶ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አጎቴ ቤት ተወኝ። አጎቴ ጋሽ ከድር የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። ሚስቱ እትዬ ሉባባ ሾላ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ትገባለች። ልጅ የላቸውም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እጠርጋለሁ፣ አጥባለሁ፣ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ እይዛለሁ። ሰልፉ ላይ ሴቶቹ ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ እኔ ከፊቴ ያለችውን ሴት ጀርባ እያየሁ ቆሜ ስኳሬን ተቀብዬ እመለሳለሁ። እትዬ ሉባባ ገብታ "ምን ሠራሽ ዛሬ?" ስትለኝ ድምፄ ሻክሮ ይወጣል። ከጠዋት ጀምሮ አልተጠቀምኩበትማ።

እትዬ ሉባባ ክፉ ሰው አልነበረችም። ድካሟ ግን ከቃላት ጋር አያስማማትም ነበር። እራት በልታ ትተኛለች፤ እኔ የጎረቤት ሬዲዮ በግድግዳው በኩል እየሰማሁ እተኛለሁ።

ሶስና የመጣችው በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነበረች። የተማሪዎች መኝታ ቤት ጫጫታው አላስጠና ስላላት ጓሯችን ያለችውን ትንሽ ክፍል በደባልነት ያዘች። በመጀመሪያው ቀን "እትዬ ሶስና" ብዬ ውሃ ሳቀብላት ሳቀች።

"እትዬ? ሃያ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው! ሶስና በይኝ።"

ሶስና ወሬ ትወዳለች። እኔ ልብስ ሳጥብ እሷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ታወራለች፤ እንድመልስላት አትጠብቅም። ስለ ክፍሏ የሰማሁት እንዲያ ነው። በዚያ ክፍል ካሉት ሁሉ ሴት እሷ ብቻ ነበረች።

"ለቡድን ሥራ ስንመደብ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? 'ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺ ገልብጪልን።' እኔ ያወጣሁትን መልስ እንኳ አንዱ ወንድ ቆሞ ይናገረዋል፣ መምህሩ 'ጎበዝ' ይለዋል። የመመረቂያ ሥራዬን ስነግራቸውማ አስካኩ። 'ሴት ዕጣ ታወጣለች እንጂ ዕጣ አታሰላም' አሉኝ።"

የመመረቂያ ሥራዋ የዘፈቀደ ጉዞ ይባላል። አልገባኝም ነበር፤ ግን መጠየቅ ስለማልችል ዝም አልኩ። ዝምታዬን አይታ በራሷ አስረዳችኝ።

"አንድ ሰካራም ከጠጅ ቤት ወጣ እንበል። ቀኝና ግራውን አያውቅም። አንድ እርምጃ ወዲህ፣ አንድ እርምጃ ወዲያ። የሚቀጥለውን እርምጃ ማንም ሊያውቅለት አይችልም፤ እሱም አያውቀውም። ግን ብዙ ሰካራም ካለ፣ አብዛኛው የት አካባቢ እንደሚገኝ በሒሳብ መናገር ይቻላል። ይገርማል አይደል? የአንዱን አታውቂም፣ የሁሉን ታውቂያለሽ።"

መምህሯ በወረቀት ላይ ቢሠራ ይበቃል ብሏታል። እሷ ግን በእግሯ ማየት ፈለገች። ከቤታችን በላይ ያለው የእንጦጦ ጫካ መንገዱ ሁሉ እየተሰነጠቀ የሚሄድ ነው፤ እንጨት ለቃሚዎች የረገጡት፣ ወደ ማርያምና ወደ ራጉኤል የሚሄዱ ሰዎች የረገጡት፣ ከብት የረገጠው። እያንዳንዱ መንታ መንገድ ላይ ሳንቲም እየወረወርን እንሂድና የት እንደምንደርስ እንይ ነው ሐሳቧ።

"ብቻዬን ጫካ እፈራለሁ። ቅዳሜ ትሄጂልኛለሽ?" አለችኝ።

ሰው ሁሉ እኔን "ሂጂ" ነው የሚለኝ። "ትሄጂልኛለሽ?" ብሎ የጠየቀኝ ከዚያ በፊት አልነበረም። በአንገቴ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ሉባባ ወደ ገበያ እንደወጣች ተነሣን። ጉም ነበር። ዳገቱን ጨርሰን ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባ ከፊታችን ካሉት ጥቂት ዛፎች በቀር የሚታይ አልነበረም፤ ሌላው ነጭ ነው። ቅጠሉ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

ሕጉ ቀላል ነበር። መንታ መንገድ ስንደርስ ሶስና ስሙኒዋን ወደ ላይ ትወረውራለች። አንበሳው ከወጣ ወደ ቀኝ፣ ሰዎቹ ከወጡ ወደ ግራ። መንገዱ ካለቀ እንመለሳለን። ተመልሰን የመጣንበት ቦታ መሆኑን እንድናውቅ በየመንታው ላይ ሣር እንቋጥራለን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አንድ፣ እንደገና ከሆነ ሌላ እንጨምራለን። የምቋጥረው እኔ ነበርኩ። እሷ በወረቀት ትጽፋለች።

"አሁን የት እየሄድን ነው?" አልኳት። በራሴ አፍ ጥያቄ የጠየቅኋት የመጀመሪያው ጊዜ መሰለኝ።

"እንጃ።"

"ሰው ቢጠይቀንስ?"

"ስሙኒዋን ጠይቁ በይ።"

ሳቅሁ። ሳቄ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። የት እንደምሄድ ሳላውቅ፣ ማንም ሳይጠብቀኝ፣ ሰው አጠገቤ እያለ መሄድ እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። መብረቅ የሰነጠቀው ትልቅ ዛፍ ያለበት መንታ ላይ ደረስን፤ አንድ ቋጠሮ። ብዙ ሄደን፣ ደክሞን፣ ቁልቁል ወርደን ዳገት ወጥተን ቀና ስል ያው ዛፍ ነው።

"ይህን ሁሉ ሄደን እዚሁ?"

"እዚሁ!" አለች ሶስና፣ ልጅ እንደወለደች ሰው ፊቷ በርቶ። "ቋጥሪ፣ ቋጥሪ! እኔ እስክጽፍ።"

ሁለተኛውን ቋጠሮ አጥብቄ ገና ሳልነሣ ከጀርባዬ "ቁሚ! እንዳትነቃነቂ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጠመንጃ የያዙ ሁለት የጫካው ጠባቂዎች ነበሩ። አንደኛው በእጁ ከነሥሩ የተነቀለ ሣር ጨብጧል። የኔ ቋጠሮዎች ናቸው፤ ከየመንታው እየነቀሉ ተከትለውናል።

"ይህን የምትቋጥሩት እናንተ ናችሁ?"

ሶስና "አዎ፣ ለጥናት ነው" አለች።

"ለጥናት!" አለ ጓደኛውን እያየ። "ሣር ቋጥሮ ጥናት። ወረቀቱን አምጪ።"

ወረቀቱ ላይ ቀስቶችና ቁጥሮች ነበሩ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ። የጫካውን መንገድ ሁሉ የሣልን ይመስላል። እውነትም ሥለን ነበር። ጠባቂው ወረቀቱን ገለባበጠው፣ ፊቱ ጠቆረ፣ "ቅደሙ" አለን።

የወሰዱን ከማርያም ወደ ራጉኤል በሚወስደው መንገድ አጠገብ ወዳለ የጥበቃ ቤት ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ነው፤ ከፊቱ ሰፊ ሜዳ አለው። ሜዳው ዳር እንጨት ለቃሚ ሴቶች ተቀምጠዋል። እርጥብ እንጨት ቆረጣችሁ ተብለው ሸክማቸው ተወስዶባቸው ውሳኔ የሚጠብቁ ናቸው። እኛን ሲያዩ ተነሡ።

"መተተኞቹ ተያዙ!" አለች አንዷ።

"እነዚህ ናቸው? ውይ፣ ልጆች ናቸው እኮ!"

"ልጅ አይደግምም ያለሽ ማን ነው?"

አጭር፣ ጉልበታም ድምፅ ያላቸው አንዲት ሴት ወደ ፊት ወጡ። እማማ ተዋበች ይሏቸዋል። በኋላ እንደተረዳሁት የጠቆሙን እሳቸው ናቸው። ጠዋት ሲያልፉ መንታ መንገዱ ላይ የተቋጠረ ሣር አይተው፣ አንዱን ረግጠው፣ ወዲያው እንጨታቸው ተወረሰባቸው። ሰው መንገዳችንን ዘግቶብናል ብለው ለጥበቃዎቹ ተናገሩ። ሴቶቹ ድግምት ነው ያሉት ቋጠሮ ለጥበቃዎቹ ደግሞ የጠላት ምልክት ሆነ። ሒሳብ ነው ብሎ የገመተ አንድም ሰው አልነበረም።

የጥበቃው ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ይባላሉ፤ ከጦሩ በዕድሜ የወጡ፣ ካኪ ኮታቸው ሥር ወፍራም ሹራብ የለበሱ ሰው ናቸው። ሣሩን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩና አዩን።

"ጫካ ውስጥ ምልክት የሚያስቀምጥ ወይ ፀረ-አብዮተኛ ነው፣ ወይ ጠንቋይ። እናንተ የትኞቹ ናችሁ?"

"የሒሳብ ተማሪ ነኝ" አለች ሶስና።

ከበሩ ውጭ የሚሰሙት ሳቁ።

"ተማሪስ ሁኚ። የላካችሁ ወንድ ማን ነው?"

"ማንም አልላከንም።"

"ልጄ፣ ይህን" አሉ ወረቀቱን እየነቀነቁ፣ "ሁለት ሴቶች ተነሥተው አይሠሩትም። ከኋላ ሰው አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል። እስከዚያ እውነቱ ካልወጣ ወደ ከፍተኛው ትወርዳላችሁ። ከዚያ ወዲያ የኔ ጉዳይ አይደለም።"

በዚያ ጊዜ ከቀበሌ በላይ ወዳለው አስተዳደር፣ ወደ ከፍተኛ፣ ወረደ የተባለ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግራችሁ አልነበረም። አንዳንዱ በማግሥቱ ይመጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ እናቱ ስንቅ ስታመላልስ ዓመት ያልፋል። ለየብቻ ሊጠይቁን ወሰኑና እሷን አስቀሩ፣ እኔን ወደ ውጭ አወጡኝ።

ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ከበቡኝ።

"ማንን ልታሳብዱ ነው?" አሉ እማማ ተዋበች።

አንገቴን ደፋሁ።

"ባሏን ይሆናል" አለች ሌላዋ። "ባል የለሽም? እንግዲያው የሰው ባል ነው!"

"ለምን አትናገርም? ንጹሕ ብትሆን ትናገር ነበር።"

"ዓይኗን እዩት፣ መሬት መሬት ነው የምታየው። ያወቀች ናት።"

ጨዋ ልጅ ሰው ፊት ቀና አትልም ተብዬ ነው ያደግሁት። እትዬ ሉባባ ጎረቤት ስታመሰግነኝ "አፍ የላትም" ነው የምትለው። እዚያ ግንድ ላይ ግን ያው ጨዋነቴ በደለኛ አደረገኝ። መናገር ፈለግሁ። እጄ ግን የነጠላዬን ጫፍ ይጠቀልል ነበር።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ሶስና ወጣች። ዓይኗን አላሳየችኝም። ጠባቂው በሌላ በኩል ወሰዳትና እኔን አስገቡኝ።

"ስምሽ?"

"ራሕመት።"

"ጮክ በይ። ወረቀቱ የማን ነው?"

"የሶስና።"

"ያሰላውስ?"

"ሶስና።"

"እሷን ያዘዛት ማን ነው?"

"ማንም። ራሷ ናት።"

"ብርሃኑ የሚባል ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲህ የምታውቂው ወንድ ማን ነው?"

"አጎቴ።"

"አጎትሽ ነው የላካችሁ?"

"አጎቴ አሰብ ነው።"

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሃምሳ አለቃ ገላመጡት።

"ሌላስ? ሌላ ወንድ?"

"ሌላ ወንድ አላውቅም።"

እውነቴን ነበር። አፌ ላይ የማመጣው የወንድ ስም ቢጠፋኝ እንኳ አይገርምም፤ የሴትም ስም ቢሆን ከእጅ ጣት አያልፍም ነበር። ይህን ሰው ፊት ስናገር ልቤ ተሸማቀቀ።

ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። ድምፃቸው ለስለስ አለ።

"ስሚ ልጄ። ጓደኛሽ ወረቀቱ የብርሃኑ ነው፣ የክፍሌ ልጅ ነው፣ እሱ ልኮኝ ነው ብላለች። ይህ ያስኬዳል። ልጁን አስጠርተን እንጠይቃለን፣ ይፈርማል፣ ያልቃል። አንቺ ግን የሷ ነው ትያለሽ። ቃላችሁ ተለያየ። ቃሉ የተለያየን ሰው እኔ መልቀቅ አልችልም። አንቺም የብርሃኑ ነው በይኝና አሁኑኑ ወደ ቤትሽ ሂጂ።"

በመስኮቱ ሜዳውን አየሁት። ጉሙ ተነሥቷል። ከታች ቤታችን ያለበት አቅጣጫ ይታያል። እትዬ ሉባባ ሳትመለስ መድረስ እችላለሁ። "የብርሃኑ ነው" ማለት ብቻ ነው፤ ሶስናም ራሷ ብላዋለች፤ እኔ ምን አገባኝ?

ግን ሶስና ደረጃችን ላይ ቁጭ ብላ "እኔ ያወጣሁትን አንዱ ወንድ ቆሞ ይናገረዋል" ያለችኝ ጆሮዬ ላይ ነበር።

"አይደለም" አልኩ። "የሷ ነው። መብራቷን አያለሁ፤ ስትጽፍ፣ ስትቀድ፣ እንደገና ስትጽፍ አያለሁ። ወደ ክፍሏ የገባ ሌላ ሰው የለም። ሣሩን የቋጠርኩት እኔ ነኝ፤ ያሳየችኝ እሷ ናት። ብርሃኑ የሚባለው ጫካው ውስጥ አልነበረም። ስለማታምኑ ነው እንጂ የሷ ነው።"

ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሃምሳ አለቃም ወረቀቱን አንሥተው እንደገና አዩት። ከዚያ ሶስናን አስጠሩና እኔን በጣታቸው አመለከቱ።

"ይህቺ ልጅ ወረቀቱ ያንቺ ነው ትላለች። አንቺ የብርሃኑ ነው ብለሻል። ውሸታም ናት?"

አንባቢዎቼ፣ ያቺን ቅጽበት እስካሁን አስታውሳታለሁ። ሶስና "አዎ፣ ውሸቷን ነው" ብትል ቃሏ ይጸናል፤ መኪናው ላይ የምወጣው እኔ ብቻ ነኝ። እኔን የሚጠይቅ ሰው የለም። አጎቴ እስኪሰማ እንኳ ቀናት ያልፋሉ። ሶስና እኔን አየች፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አየች።

"አይደለችም" አለች። "የዋሸሁት እኔ ነኝ። ማንም አልላከኝም ስልዎ አላመኑኝም። ስለዚህ የሚያምኑትን ሰጠሁዎት።"

"የሰው ስም አንሥተሽ?"

"እሱ ቢጠራ አዎ የኔ ነው እንደሚል አውቃለሁ። ከዚህ በፊትም ብሎ ያውቃል።"

ሃምሳ አለቃ ሰዓታቸውን አዩ። ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ፣ ተመለሱ።

"ያንቺ ከሆነ አሳዪኝ። እዚሁ፣ ሜዳው ላይ። ሒሳብ ከሆነ መቼም ይታያል።"

ሶስና ወደ ሜዳው ወጣች። ዙሪያውን አየች፤ ጠባቂዎቹን፣ ሴቶቹን። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ደረጃችን ላይ የምታወራዋ ሶስና ሆነች።

"ሁላችሁም ትጫወታላችሁ" አለች። "እዚህ ምሰሶው ሥር ትቆማላችሁ። ሳንቲም ትወረውራላችሁ። አንበሳ ከሆነ ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ፣ ሰው ከሆነ ወደ ግራ አንድ እርምጃ። አሥር ጊዜ። ከዚያ ባላችሁበት ቁሙ።" ሁለት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አንሥታ ከምሰሶው ግራና ቀኝ ጥቂት እርምጃ አርቃ አጋደመች። "ከግማሻችሁ በላይ በእነዚህ ሁለት ቅርንጫፎች መካከል ትገኛላችሁ።"

"እርግጠኛ ነሽ?" አሉ ሃምሳ አለቃ።

"አይደለሁም።"

"አይደለሁም!"

"እርግጠኛ ነኝ ብልዎ ሁለተኛ ውሸት ይሆናል። ላይሆን ይችላል። የመሆኑ ዕድል ግን በጣም ይበልጣል።"

"ሒሳብ የሚያውቅ ወንድ ቢሆን እርግጠኛ ነኝ ይለኝ ነበር።"

"ይልዎት ይሆናል" አለች ሶስና፣ ሌላ አልጨመረችም።

ሴቶቹ መጀመሪያ እምቢ አሉ። "መተት ውስጥ አታስገቡን!" ጠባቂዎቹም እርስ በርስ ተያዩ። ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ከኪሳቸው ሳንቲም አውጥተው ምሰሶው ሥር ሄደው ቆሙ። ወረወሩ። አንበሳ። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ። ሰው። ተመለሱ። ሰው። ወደ ግራ።

"ሃምሳ አለቃ ሰከሩ!" አሉ እማማ ተዋበች፤ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ማን ይቀመጣል? ሳንቲም ያላት አወጣች፣ የሌላት ተዋሰች።

"ወንዶቹ ቀጥ ብለን እንሄዳለን፣ እናንተ ትጠፋላችሁ!" አለ ያ ፍርፍር ብሎ የሳቀው ጠባቂ።

"ሚስትህ ነው የምታገኝህ እንዲህ ስትሄድ ከአረቄ ቤት!"

እኔም ሳንቲም ሰጡኝ። ወረወርኩ። ሰው። ወደ ግራ። እንደገና ሰው። እንደገና። ከሰዉ ራቅሁ። አንድ ጊዜ አንበሳ ወጣልኝና ወደ ሰዉ አንድ እርምጃ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሰው፣ ሰው፣ ሰው ሆነ። ሲያልቅ ቀና ብዬ አየሁ። ሁሉም ወዲያ ተጨናንቀው ቆመዋል። እኔ አጥሩ ጥግ ብቻዬን ነኝ።

ሶስና መቁጠር ጀመረች። ስትቆጥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከሩቅ ይታየኛል። ከታች፣ ከመንገዱ በኩል፣ የመኪና ድምፅ የመሰለ ነገር ሰማሁ። ከሃያ አንዱ ሰው በቅርንጫፎቹ መካከል የቆሙት አሥራ አራት ሆኑ። ወንዱም ሴቱም ተደባልቀዋል። ሃምሳ አለቃ ትከሻቸው ከእማማ ተዋበች ትከሻ ጋር ተነካክቶ ነበር የቆሙት።

"እርስዎም ከኛው መሐል ገቡ!" አሉ እማማ ተዋበች። ሃምሳ አለቃ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ሳቁ አመለጣቸው።

ከዚያ ጠባቂው እኔን አመለከተ። "ያቺስ? ያቺን እዩአት! እሷስ ምን ሆነች? አላወቀችበትም?"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እንደ ልማዴ መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ። ሶስና ግን ከሩቅ ጮክ ብላ መለሰች።

"በደንብ ነው የተጫወተችው! ከብዙ ሰው መካከል አልፎ አልፎ እዚያ የሚደርስ አለ። መኖር አለበት። ማንም ዳር ላይ ባይገኝ ኖሮ እኔ ራሴ ጨዋታውን እጠራጠረው ነበር።"

የመኪናው ድምፅ አለፈ፤ የሌላ ሰው ነበር። ሃምሳ አለቃ ከመሐል ወጥተው ወረቀቱን ለሶስና መለሱላት።

"ምንነቱ አልገባኝም" አሉ። "ግን ሰላይ 'እርግጠኛ አይደለሁም' አይልም፤ ጠንቋይም አይልም። ዋናው መኪና ሳይደርስ ውረዱ። ሣር ደግሞ እንዳትቋጥሩ!"

ሴቶቹም ተለቀቁ፤ እንጨታቸው ግን አልተመለሰላቸውም። ጀርባቸውን ባዶ አድርገው ከእኛ ጋር ወረዱ። ጉዳዩ አሳዘነኝ፤ የነሱ ቀን ባዶ ሆኖ አልፏል። እማማ ተዋበች ግን መንገዱን ሁሉ እያሾፉ ነበር። "አንቺ ዳሪቱ" እያሉ ይጠሩኝ ጀመር፤ "ዳሪቱ፣ ቅረቢ እንጂ! እዚያ ዳር ምን ትሠሪያለሽ?" ሴቶቹም ተቀበሏቸው።

እቤት ስደርስ እትዬ ሉባባ ገብታ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ከማን ጋር ነበርሽ?"

"ከሶስና ጋር።"

"ወንዱን ነው የምልሽ። ማን ይባላል?"

በዚያ ቀን ይህን ጥያቄ ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ነጠላዬን አወለቅሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ከጉሙ ጀምሬ ነገርኳት። ሰካራሙን፣ ስሙኒዋን፣ ቋጠሮውን፣ ሃምሳ አለቃን። እሷም ቆማ መስማት ጀመረች፣ በኋላ ተቀመጠች። ስጨርስ ወንዱን ረስታዋለች።

"እንዲህ ማውራት ትችያለሽ እንዴ?" አለችኝ።

ሶስና ሥራዋን በራሷ ስም አቀረበች። መምህሯ "ከልጆቹ የረዳሽ ማን ነው?" ብሎ ጠይቋት "ሃያ አንድ ሰው ረድቶኛል፣ አብዛኞቹ እንጨት ለቃሚ ሴቶች ናቸው" አልኩት አለችኝ፤ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጥሩ ውጤት ሰጣት። ተመራቂዎች የሚመደቡበትን ቦታ ዕጣ ሲያወጡ ግን ለሷ ሩቋ ጎሬ ወጣላት። "ዕጣ ማውጣትስ ችያለሁ" ብላ ስትስቅ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ሻንጣዋን እስከ አውቶቡስ ተራ ተሸክሜ ሸኘኋት። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ በሰው ሰላምታ ልካልኛለች። ክፍሏ አሁን የከሰል መጋዘን ሆኗል።

እንግዲህ ብቸኝነቴ ተነሣልኝ ብዬ ብጽፍላችሁ እዋሻችኋለሁ። ቤቱ ያው ነው። ቀኑ ያው ረጅም ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይም አልሄድኩም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ድሮ ብቻዬን የሆንኩት የሆነ ጉድለት ስላለብኝ፣ ሰው አይቶኝ የሚተወኝ ነገር ፊቴ ላይ ስለተጻፈ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም። ሳንቲሙ ወደዚያ ወሰደኝ፤ ጥፋት አይደለም። እናንተም ከሰው ርቃችሁ አንድ ጥግ ላይ የቆማችሁ ካላችሁ፣ ይህን ልንገራችሁ ብዬ ነው የጻፍኩት። የሚቀጥለውን እርምጃ ደግሞ ማንም አያውቀውም።

አሁን አሁን ጠዋት ጠዋት እንጨት ለቃሚዎቹ ሸክማቸውን ይዘው በበራችን ሲያልፉ፣ ከግንቡ ወዲያ አንድ ጉልበታም ድምፅ ይሰማል።

"ዳሪቱ! አለሽ?"

እጄን ከሳሙናው አውጥቼ፣ በሩን ከፍቼ፣ እስኪሰሙኝ ድረስ ጮክ ብዬ "አቤት!" እላለሁ።